ሁለት ስሌት፣ አንድ መልስ

መስከረም 20

ለጥያቄዬ፣

ይህ ወረቀት በልተሽና በደንብ ተኝተሽ፣ ጤና ሆነሽ ያግኝሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ዕድሜዬን እያስታወሰኝ ነው እንጂ አልበደለኝም።

እንግዲህ ወደ ወረቀት ተመለስን። ስልካችን ሞቷል። ሠራተኞች መጥተው ምሰሶውን አንጋጠው አዩት፤ መስመሩ በስብሷል፣ ተራችሁን ጠብቁ ብለው ሄዱ። ተራው መቼ እንደሚደርስ እነሱም አያውቁ። ስለዚህ እሑድ እሑድ ስልክ ታቅፈሽ እንዳትቀመጪ፤ ጻፊ። ልጅ ሳለሽ አፍሽ “ለምን” ከማለት ስለማያርፍ ጥያቄ ብዬ ስም ያወጣሁልሽ እኔ ነኝና፣ በወረቀትም ብትመጪ እችልሻለሁ።

የቤቱ ነገር እንዳለ ነው። አባትሽ ፎቅ፣ እኔ ምድር ቤት። ጥላ የምቀመጥባትን የጓሮ ዛፍ “ሥሯ ግንቡን ይንደዋል” ብሎ ከቆረጣት ወዲህ አፍ ለአፍ ተነጋግረን አናውቅም፤ አሁንም አልተነጋገርንም። እሱ በፊት በር ይወጣል፣ እኔ በጓሮ በር። ታናሽ ሆኖ ይቅርታ መጠየቅ ከከበደው እኔ ታላቂቱ ምን ተዳዬ። ብቻ ስትጽፊለት አንድ ነገር ንገሪልኝ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ቁልቁል እየተንጠባጠበ ልሰፋው ያስቀመጥኩትን የተማሪ ደንብ ልብስ አበላሽቶብኛል። የሰው ጨርቅ ነው፣ እኔ ነኝ የምጠየቀው።

ለስፌት መኪናዬ ወፍራሙን መርፌ ላኪልኝ፤ እዚህ የሚሸጠው ሸራ ሲነካ ይሰበራል። ለመምጣት ደግሞ አትቸኩይ። ሥራሽን ጨርሰሽ ነይ።

አክስትሽ

ኅዳር 2

ለእትዬ፣

ደብዳቤዬ ከሁሉ አስቀድሞ ጉልበትዎን ይስማል፤ አሞኛል ብለዋልና። የእርስዎ ወረቀት ከደረሰኝ ቆየ። በየቀኑ ዛሬ እጽፋለሁ እያልኩ፣ ማታ እርሳስ መያዝ የማይፈልግ እጅ ይዤ ወደ ቤት እገባለሁ።

ሥራሽ ምንድን ነው ብለው የጠየቁኝን በስልክ አላስረዳሁዎትም ነበር። እስኪ በወረቀት ልሞክር። ሁለት የሞቱ ከዋክብት አሉ እንበል፤ ስፋታቸው አንድ ከተማ ቢያክል ነው፣ ክብደታቸው ግን ከፀሐይ ይበልጣል። አንዱ ሌላውን ይዞራል። ሲዞሩ በዙሪያቸው ያለውን ባዶ ቦታ ራሱን ያናውጡታል፤ ንውጽውጽታው ሞገድ ሆኖ ይሄዳል። የስበት ሞገድ እንለዋለን። ሞገዱ ሲሄድ ጉልበታቸውን ይዞባቸው ይሄዳል፣ እነሱም ጉልበት ሲያጡ ይቀራረባሉ። እኔ የማሰላው ሞገዱ ምን ያህል እንደሆነ ነው። የአንጻራዊነት እኩልታ አንድ አካል ብቻውን ሲቆም ይፈታል። ሁለት ሲሆኑ ግን እስካሁን በወረቀት አሟልቶ የፈታው የለም። ስለዚህ በቁርጥራጭ እንሠራዋለን፦ መጀመሪያ ትልቁን ቁጥር፣ ቀጥሎ ትንሽ እርማት፣ ቀጥሎ የእርማቱን እርማት። እኔ ያለሁት እዚያ ታች ነው፤ አንዲት እርማት ዓመት ትበላለች።

ክፍሌን ከአንድ ባልደረባ ጋር እጋራለሁ። በሩን ጎንበስ ብሎ ስለሚገባ ረጅሙ እለዋለሁ። ሁለታችንም የአንድ መምህር ልጆች ነን፤ መምህራችን ካረፉ ቆይተዋል። እኔና ረጅሙ ያንኑ ስሌት ለየብቻችን እንሠራለን፤ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን አንዳችን የሌላውን ወረቀት አናይም፣ ስለ ስሌቱም አንነጋገርም። መጨረሻ ላይ መልሳችንን ብቻ እናስተያያለን። ከገጠመ ትክክል ነው። የሥራው ደንብ ይህ ነው።

አሁን ወደ ፍርሃቴ ልምጣ። ስልኩ ሳይበላሽ በመጨረሻ ስናወራ አባዬ ሁለት ቃል ተናግረው ትንፋሽ ይወስዱ ነበር። ደረጃ ወጥቼ ነው አሉኝ። እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ታመው ከሆነ ሁሉን ጥዬ እመጣለሁ፤ የፈቃድ ጥያቄውንም ጽፌ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ደህና ከሆኑ ግን አሁን ብሄድ ቦታዬ ለሌላ ይሰጣል፣ የስንት ዓመት ድካሜን ውሃ በላው ማለት ነው። ለአባዬም ይህንኑ ለብቻቸው ጽፌላቸዋለሁ፤ የቧንቧውንም ነገር ጨምሬ።

መርፌዎቹ ፖስታው ውስጥ አሉ፤ ሲከፍቱት እንዳይወጉዎት።

ጥያቄ

ኅዳር 26

ለጥያቄዬ፣

ቃልሽ ደርሶኛል፤ የላከው እጅሽ አይዛል። መርፌዎቹ ድንጋይ የሚበሱ ናቸው።

ደብዳቤሽን ስፌት መኪናው ላይ ዘርግቼ ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለት የሞቱ ከዋክብት ሲዞሩ ማስላት እንዲህ ካደከማችሁ፣ ሁለት ያልሞቱ ሽማግሎች በአንድ ቤት ውስጥ ሲዞሩ ብታዩ ምን ልትሉ ነው። እኔ ወጥ ቤት ስገባ እሱ ይወጣል፣ እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ። ይህንንም አስልተሽ ጉልበታችን ወዴት እንደሚሄድ ብትነግሪኝ ደስ ይለኛል፤ እኔ ያለቀ መሆኑን ብቻ ነው የማውቀው።

ስለ አባትሽ ለጠየቅሽው፣ ሹፌሩ ደህና ነው። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ጡረታ ወጥቶ ምን ይሆናል። ጠዋት ጠዋት እስከ መናኸሪያው በእግሩ ይሄዳል፤ ዳቦ ቤቱ ግንብ ላይ እንኳ ሳያርፍ ተመልሶ ይገባል። አዳዲሶቹ ሹፌሮች ማርሽ ሲያንጓጉ እየሰማ ይሳደባል አሉ። የሚሳደብ ሰው ጤነኛ ነው። የፈቃዱን ወረቀት ቅደጂውና ሥራሽን ያዢ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ለአባትሽ የቤት ጫማ ላኪለት፣ ለስላሳውን። አሮጌው ጫማው በሩ ፊት ተቀምጦ አየዋለሁ፤ ተረከዙ ተረግጦ ተረግጦ አልቋል። ወፍራም ካልሲ ስለሚያደርግ ከልኩ ሁለት ቁጥር ከፍ ይበል። እኔ እንዳልኩሽ ግን እንዳትነግሪው፤ ደግሞ ታረቀች ብሎ ይኮራብኛል።

አክስትሽ

ጥር 18

ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎት፤ ከዘገየም በኋላ ሰላምታ ሰላምታ ነው። የገና ሰሞን ሁሉም ወደየቤቱ ሄዶ ሕንፃው ባዶ ነበር፤ ማሞቂያውን አጥፍተውት እኔና ረጅሙ ካፖርታችንን እንደለበስን ሠራን። ጀርባ ለጀርባ ሆነን ሲያስነጥሰው “ይማርህ” ከማለት በቀር የተናገርኩት የለም።

ትልቅ ሸክም አቅልላችሁልኛል። የእርስዎና የአባዬ ደብዳቤ በአንድ ሳምንት ደረሰኝ። አባዬ እንደልማዳቸው አጭር ነው የጻፉት፦ “ደህና ነኝ። ጠዋት መናኸሪያ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ዳቦ ቤቱ ግንብ ላይ እንኳ አላርፍም። የዘንድሮ ሹፌሮች ማርሽ አያውቁም።” እርስዎ የጻፉልኝን አጠገቡ አስቀምጬ አየሁት፤ ልክ ያው ነው። ብቻዬን ሳቅሁ እትዬ። እኛ እዚህ ላለመተያየት ደንብ አውጥተን ጀርባ እንሰጣጣለን፤ እናንተ ግን ያለምንም ደንብ ቃል ሳትለዋወጡ ዓመታት ያስቆጠራችሁ ሰዎች ናችሁ። እንዲህ ያሉ ሁለት ምስክሮች አንድ ነገር ካሉ ሌላ ምን እፈልጋለሁ። የፈቃዱን ወረቀት ቀደድኩት።

የቤት ጫማውን በጥቅል ልኬዋለሁ። ግራጫ ነው፣ ሁለት ቁጥር ከፍ ያለ። ሻጯ ለዚህ ሁሉ ካልሲ አገራችሁ ምን ያህል ቢበርድ ነው አለችኝ። ብስኩትም ጨምሬበታለሁ፤ ጨው ጨው የሚለውን፣ አባዬ የሚወዱትን።

ጥያቄ

የካቲት 14

ለጥያቄዬ፣

ያሰብሽው ይሙላልሽ፣ የጎደለሽም አይታወቅብሽ። ጥቅሉ ደርሷል። ጫማው ልክ ነው።

ቧንቧው ተሠራ። አንድ ጠዋት ተነስቼ ባዳምጥ አይንጠባጠብም። ከምድር ቤት እስከ ፎቅ ያለውን ደረጃ ለመውጣት ነገሬ ባሕር ተሻግሮ መመለስ ነበረበት፤ ይሁን፣ ከመቅረት መዘግየት ይሻላል።

ብስኩቱን ለጎረቤት ሰጠሁት፤ አትቀየሚኝ። ከእንግዲህ ጨው ያለበት ነገር አትላኪ፤ ለዕድሜያችን አይሆንም። በምትኩ ከፍ ከፍ ያለ የስፖንጅ ትራስ ብታገኚ ሁለት ላኪልኝ። ስሰፋ ወገቤን የምደግፍበት ነው። ልብሱን እኔ እሰፋለታለሁ፣ አንቺ ስፖንጁን ብቻ።

አባትሽ አልጋውን ከፎቅ አውርዶ ፊት ለፊት ያለው ክፍል ውስጥ ዘርግቷል። ፎቁ ይሞቃል አለ አሉ። ለኔ ያው ነው፣ እኔ በጓሮ በር ነኝ።

ሰሞኑን ደክሞኛል። ምን ሠራሽ ብትዪኝ የምነግርሽ የለኝም። ተቀምጬ ሳለሁ ስለነዚያ ከዋክብትሽ አስባለሁ። እየዞሩ እየዞሩ ሲቀራረቡ ይታወቃቸዋል? መጨረሻቸው እንደደረሰ የሚያውቁበት ነገር አለ? እንዲሁ ነው የጠየቅሁሽ፤ ጥያቄ የአንቺ ብቻ አይደለም።

አክስትሽ

መጋቢት 20

ለእትዬ፣

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ፤ ድካምዎንም ወደዚህ ይላኩት፣ ከኔው ጋር ተዳብሎ ይኑር። ትራሶቹን ልኬያለሁ። ስፖንጅ ብቻ ስለሆነ ጥቅሉ ትልቅ ነው፣ ክብደት ግን የለውም። ፖስታ ቤት ያለው ሰውዬ አየር ነው እንዴ የምትልኪው ብሎ ቀለደብኝ።

የቧንቧው ነገር ስሌቴ ውስጥም አለ ብል ያምኑኛል? ከሁለቱ ከዋክብት የወጣው ሞገድ ሁሉ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ከፊሉ እነሱው ባጎበጡት ቦታ ላይ ተላግቶ ዘግይቶ ይመለሳል። እኛም ቀድሞ የወጣውን ሁሉ ወደ ኋላ እየሄድን መደመር አለብን። ትልቁ ጣጣዬ እሱ ነው።

ለጠየቁኝ ደግሞ፣ ከዋክብቱ ምንም አይታወቃቸውም። ለረጅም ዘመን የተለወጠ ነገር ያለ አይመስልም፤ ዛሬም እንደ ትናንቱ ይዞራሉ። የሚፈጥኑት መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ ግን በጣም ይፈጥናሉ።

እኔና ረጅሙ ባለፈው ሳምንት ጨረስን። ወንበራችንን አዙረን መልሳችንን አስተያየን፤ እስከ መጨረሻዋ ቁጥር ገጠመ። ረጅሙ ተነስቶ ሊያቅፈኝ ሲል ጣሪያው ላይ ያለውን መብራት በራሱ መታው። ደስታችን ግን አልቆየም። ይህንኑ ጉዳይ በሌላ ተቋም በትልቅ ኮምፒውተር የምታሰላ ሴት አለች፤ የእሷ መልስ ከኛ ይለያል። ልዩነቱ ኢምንት ነው፣ ግን አለ። ስብሰባ ላይ ሁሉም ከኛ ጋር ቆመ፤ ሁለት ሰው ተለያይቶ ሠርቶ ገጥሞ ሳለ የአንድ ማሽን ነገር ምን ያሳስባል አሉ። እሷ አልተከራከረችም፤ ወረቀቷን ሰብስባ “እንደገና አየዋለሁ” አለችና ወጣች። ሞገዱን የሚያዳምጠውን ትልቅ መሣሪያ የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች ውጤታችንን እስከ ሰኔ መጨረሻ ይፈልጉታል። እሱን አስረክቤ እመጣለሁ።

ከአባዬ ደብዳቤ ካየሁ ቆይቻለሁ። ይጻፉልኝ ይበሉልኝ እንዳልል፣ እናንተ አትነጋገሩም።

ጥያቄ

ሚያዝያ 10

ለጥያቄዬ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ትራሶቹ ደርሰዋል። ጥሩ ናቸው።

የገጠመላችሁ ለት ብኖር እልል እልልሽ ነበር። የዚያችን ሴት ነገር አትናቂው፤ ዝም ብሎ የወጣ ሰው ሁሉ አልተሸነፈም።

ስፌት ለጊዜው ትቻለሁ። የመኪናው ድምፅ ይረብሻል። ከአንቺም ምንም አያስፈልገኝም፤ ምንም አትላኪ።

አባትሽ ደህና ነው። ሰላም ብሎሻል።

አክስትሽ

ግንቦት 1

ለእትዬ፣

ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ቢሆን ይቅር ይበሉኝ። አስቀድሜ የራሴን ስህተት ልንገርዎት፤ የእናንተን ያወቅሁት በሱ ነው።

ያቺ ሴት እንደገና አይታው መልሷ ያው ሆነ። ያኔ ረጅሙ ወረቀቱን ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግፎ “ደንቡ ይቅር፣ እያንዳንዷን መስመር እንተያይ” አለኝ። ተያየን። መንገዳችን ለየቅል ነው፤ እሱ በግራ ሲሄድ እኔ በቀኝ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሁለታችንም ያንኑ አድርገናል። የጥንቱን፣ ከዋክብቱ ገና ሩቅ ለሩቅ ሳሉ የወጣውን ሞገድ፣ ጥለነዋል። ለምን ጣልከው አልኩት። መምህራችን ያሉትን አስታወሰኝ፤ ሰሌዳው ፊት ቆመው እዚያ ቦታ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ “የድሮውን ተዉት” ይሉን ነበር። እኔም የጣልኩት ለዚሁ ነው።

መምህራችን አልተሳሳቱም። እሳቸው ይሠሩት በነበረው ስሌት የድሮው ቢጣል አይጎዳም፤ ወዲህ ወዲያ የሚወዛወዝ ስለሆነ እርስ በርሱ ይጣፋል። እኛ በደረስንበት እርማት ላይ ግን የማይወዛወዝ ክፍል አለ። በአንድ አቅጣጫ ጥቂት ጥቂት እያለ ይጠራቀማል፣ አንዱም አይጠፋም። እኛ ሁለት ሰዎች አልነበርንም እትዬ። አንድ ሰው ነበርን። ስንሠራ አልተያየንም እንጂ ስንማር አንድ አፍ ነው የሰማነው። ነገርን ከሥሩ የሚባለውን ሳንይዝ መግጠማችንን ብቻ አይተን ጨፈርን።

ረጅሙ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። እኔ ግን ስለ ስሌቱ ማሰብ አልቻልኩም። ያ የዳቦ ቤት ግንብ ትዝ አለኝ።

ሰው ያረፈበትን ቦታ ይጽፋል። ያላረፈበትን ማን ይጽፋል? እናንተ ግን ሁለታችሁም ጻፋችሁት። እርስዎ በጓሮ በር የሚወጡ ሰው ዳቦ ቤቱን ከየት አዩት? “አለ አሉ” ይሉኛል፤ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ናችሁ፣ የሚሉት እነማን ናቸው? የማያነጋግሩት ሰውስ በእርስዎ በኩል እንዴት ሰላም ይለኛል? የላኩትን ጫማ አሰብኩት። ሁለት ቁጥር የሚጨምር እግር ካልሲ ያደረገ እግር አይደለም፤ ያበጠ እግር ነው። ትራሱም ለወገብ አይደለም። ጨው የተከለከለው፣ አልጋው ደረጃ ከሌለበት የወረደው፣ የስፌት መኪናው የሚረብሸው ማንን እንደሆነ ሐኪም ሳልሆንም ይገባኛል። እርስዎ ዕቃ ሲጠይቁኝ እውነቱን ሁሉ ነግረውኛል፤ ስለ አባዬ ሲጽፉ ብቻ ነው የዋሹኝ። እኔ ደግሞ የጠየቁኝን እየላክሁ የጻፉልኝን አመንኩ።

አልተቆጣሁም። ተቆጥቼ ነበር፣ ደከመኝና ተውኩት። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። እባካችሁ ለየብቻችሁ ጻፉልኝ። እርስዎ በአንድ ክፍል፣ አባዬ በሌላ። አትተያዩ፣ አትነጋገሩ፣ እርስዎ አያንብቡላቸው፣ እሳቸውም አያንብቡልዎት። እኔ አስተያየዋለሁ።

ስልኩስ በእውነት ሞቷል?

ጥያቄ

ግንቦት 14

ለጥያቄዬ፣

ፈጣሪ ልብሽን ያጽናው፤ ሌላ ምርቃት ዛሬ አላገኘሁም።

እንዳልሽው ለብቻዬ ነኝ። እሱ ምድር ቤት ስላለ እኔ ፎቅ ወጥቼ እሱ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። ዛፏን ከቆረጣት ወዲህ እዚህ ወጥቼ አላውቅም ነበር። ከመስኮቱ የጓሮ መቀመጫዬ ወለል ብሎ ይታያል። ወንበሩንም ወደዚያ አዙሮ ነው ያስቀመጠው። ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም።

ኅዳር ላይ “እውነቱን ንገሩኝ” ያልሽበት ደብዳቤ የደረሰው ለት፣ እሱኑ ይዞ ደረጃውን ወርዶ በሬን አንኳኳ። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ። ሦስት ጊዜ ቆሞ ተንፍሶ ነው የደረሰው፣ ስሰማው ነበር። በሩ ላይ ቆሞ እንዲህ አለኝ፦ “እህቴ፣ ፍሬን ሲሳሳ ለተሳፋሪ አይነገርም። ቀስ ብለው ይነዳሉ እንጂ።” ግባ አልኩት። ተቀመጠና አብረን ጻፍን። ለውሸት ብለን ታረቅን ጥያቄዬ፤ ለእውነት ግን አልታረቅንም ነበር።

ግንቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። በጥቅምት መናኸሪያ ሊሄድ ወጥቶ እዚያ ግንብ ላይ ቁጭ አለና መነሳት አቃተው፤ ዳቦ ጋጋሪው ደግፎ አመጣው። ያ ቦታ ከራሴ አልወጣ ብሎኝ ስንጽፍ “ግንቡ ላይ እንኳ ሳያርፍ” አልኩ፣ እሱም እንዳለ ገለበጠው። ዋሾ ሲያቅድ የሚፈራውን ነው የሚናገረው።

ሐኪሙ ልቡ ደክሟል አለን። እግሩ ውሃ ይቋጥራል። ተጋድሞ ስለሚያፍነው በትራሶችሽ ተደግፎ ተቀምጦ ነው የሚተኛው። መድኃኒቱን ይወስዳል፤ አንድ ቀን ይሻለዋል፣ ሁለት ቀን ይብስበታል። ምን ያህል ይቆያል ብዬ ሐኪሙን ስጠይቀው ክረምቱን እንጃ አለኝ። ስልኩ አልሞተም። ገና በመስከረም፣ ደረጃው ላይ ሲያለከልክ ሰምቼ፣ ከግድግዳው ነቅዬ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ትንፋሹን እንዳትሰሚ። የምሰሶው ሠራተኞች ወሬም የኔው ፈጠራ ነው።

ነይ። ይህን የምልሽ እኔ ነኝ፣ እሱን አልጠየቅሁትም። እኔም ደክሞኛል።

አክስትሽ

ግንቦት 14

ለልጄ፣

እንዴት ነሽ። እኔ ደህና ነኝ። አክስትሽ ፎቅ ወጥታ ምን እንደምትጽፍ አላየሁም፤ ብታጋንን አትስሚያት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ታጋንናለች። መናኸሪያ መሄዱን ትንሽ ቀንሻለሁ። ሌላው እንዳለ ነው። ሞተር ሲያረጅ ድምፅ ያሰማል፣ ግን ይሄዳል።

ስሌታችሁ ተሳስቷል ብለሽ እንደጻፍሽ ነገረችኝ። መንገድ የሳተ ሹፌር ወደ ኋላ ይመለሳል እንጂ መኪናውን ጥሎ አይወርድም። ሥራሽን አርሚና ጨርሺ። አትምጪ።

ከመጣሽ ግን በቀን ግቢ። የፊት በሩ መብራት ተቃጥሏል፣ ደረጃው ላይ እንዳትሰናከዪ።

አባትሽ

ግንቦት 25

ለእትዬና ለአባዬ፣

ይህን ለሁለታችሁም በአንድ ወረቀት እጽፋለሁ፤ ከእንግዲህ ለየብቻ መጻፍ ይበቃናል። ሰላም እደሩልኝ፣ ሰላም ዋሉልኝ፣ እስክደርስ ድረስ ቆዩልኝ።

ሁለቱ ወረቀቶች ደርሰውኛል። ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። አንዱ ነይ ይላል፣ ሌላው አትምጪ ይላል። አንዱ ክረምቱን እንጃ ይላል፣ ሌላው ደህና ነኝ ይላል። ምናቸውም አይገጥምም። ዘንድሮ ከቤት በወረቀት የደረሰኝ እውነት ይህ አለመግጠማቸው ነው፤ አንብቤው አለቀስኩ፣ ከዚያም ቲኬት ልቆርጥ ሄድኩ።

ለመሣሪያው ሰዎች ውጤታችን ስህተት አለበት፣ ለሰኔ አይደርስም ብለን ጽፈናል። ለዚያች ሴት እኔ ራሴ ጻፍኩላት። ቦታዬ ለሌላ ይሰጣል አሉኝ፤ ይሰጥ። ረጅሙ የድሮውን ሁሉ እንደገና መደመር ጀምሯል። እኔም ለብቻዬ እጀምረዋለሁ፤ እርሳስና ወረቀት ነው የሚፈልገው፣ ባዶ የሆነ ፎቅ ደግሞ እንዳለን እትዬ ጽፈውልኛል። ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ካልሆንኩ አይሠራም ስል ነው የኖርኩት።

ሰኔ 9 እገባለሁ። በቀን ነው አባዬ፣ አይጨነቁ። ለበሩ አምፖል ይዣለሁ።

ይህን በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ። እትዬ፣ ሲደርስዎት ስልኩን መልሰው ይሰኩት። እሑድ በተለመደው ሰዓት እደውላለሁ። አባዬ መናገር ከከበዳቸው ምንም አይናገሩ፤ ደህና ነኝም አይበሉኝ። እርስዎ ስልኩን ከአፋቸው አጠገብ ይያዙልኝና፣ ትንፋሻቸውን ልስማው።

ጥያቄ